የስፖርት መኪና የጭስ ማውጫ ቫልቭ መቆጣጠሪያ፦ የብልሽት ልየታና ጥገና

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ በስፖርት መኪናዎች የጭስ ማውጫ ላይ ተገጥሞ የድምፅን መጠንና የጭስን ፍሰት የሚያስተካክለውን ቫልቭ፣ በተለይም በቫኪዩም የሚንቀሳቀሰውን ዓይነት፣ አሠራርና ብልሽት ያብራራል። የጽሑፉ ዋና ነጥብ አንድ ነው፤ በዚህ ሥርዓት ላይ የሚወሰድ ማንኛውም ልኬት ትርጉም የሚኖረው ከዚያው መኪና፣ በዚያው ቦታና በዚያው ሰዓት ከተወሰደ ማነጻጸሪያ ጋር ሲተያይ ነው። ይህ መርሕ ሲዘነጋ ደህና የሆነ ዕቃ ይለወጣል፤ የታመመውም ዕቃ በቦታው ይቀራል። ጽሑፉ የሥርዓቱን አካላት ከገለጸ በኋላ የብልሽቶቹን ምንጭ፣ የምርመራውን ቅደም ተከተል፣ የከፍታን ተጽዕኖ፣ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠሩትን ቫልቮች ልዩ ጠባይና የጥገናውን አፈጻጸም በየተራ ያቀርባል።

1. መግቢያ

ከፍተኛ ጉልበት ያለው ሞተር ሁለት የሚጋጩ ነገሮችን ከጭስ ማውጫው ይጠይቃል። በከፍተኛ ዙር ሲሠራ ብዙ ጭስ ያለ እንቅፋት እንዲወጣለት ይፈልጋል፤ በከተማ ውስጥ በዝግታ ሲሄድ ደግሞ ድምፁ መታፈን አለበት። ሰፊና ቀጥተኛ ቱቦ የመጀመሪያውን ያሟላል፤ ጠባብና ጠመዝማዛ ማርሚታ ሁለተኛውን ያሟላል። አንድ ቋሚ ቱቦ ሁለቱንም በእኩል ሊያሟላ ስለማይችል መሐንዲሶች በማርሚታው ውስጥ ሁለት መንገድ ሠርተው በአንደኛው ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን አኖሩ። ጽሑፉ የጭስ ማውጫ ቫልቭ የሚለው ይህንን ክዳን ነው። በሲሊንደሩ ራስ ላይ ካለው የጭስ ቫልቭ ጋር ስሙ ቢመሳሰልም ሥራው የተለየ ነው።

የድምፅ ሕግ መጥበቅም ለዚህ አሠራር መስፋፋት የራሱ ድርሻ አለው። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 ያወጣው ቁጥር 540/2014 ደንብ የተራ የቤት መኪናን የድምፅ ጣሪያ በመጀመሪያው ደረጃ 72 ዴሲቤል አድርጎ በሦስተኛው ደረጃ ወደ 68 ዴሲቤል ያወርደዋል፤ ለከፍተኛ ጉልበት መኪናዎች ጣሪያው ጥቂት ከፍ ይላል። የ4 ዴሲቤል ቅነሳ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ዴሲቤል የሎጋሪዝም መለኪያ በመሆኑ ግን ይህ ቅነሳ የድምፁ ኃይል ከቀድሞው ወደ 40 በመቶ ገደማ ይውረድ ማለት ነው። ስለዚህ ክፍት ሆኖ የተጣበቀ ቫልቭ አሽከርካሪውን ከሕግ ጋር ሊያጋጨው ይችላል። ተዘግቶ የቀረ ቫልቭ ደግሞ በከፍተኛ ዙር የኋላ ግፊትን ጨምሮ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል።

2. የሥርዓቱ አካላትና አሠራር

በቫኪዩም የሚሠራው ሥርዓት በተራ የተያያዙ አራት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው የቫኪዩም ምንጭ ነው። ይህም ቱርቦ በሌላቸው ሞተሮች ብዙ ጊዜ የአየር ማስገቢያ ማኒፎልዱ ሲሆን፣ ቱርቦ ባላቸው ሞተሮች ማኒፎልዱ በጭነት ጊዜ ግፊት ስለሚይዝ በሞተሩ የሚነዳ የቫኪዩም ፓምፕ ያስፈልጋል። ከማኒፎልዱ ቀጥሎ አየርን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭና አነስተኛ ማጠራቀሚያ ይገኛሉ፤ አሽከርካሪው ነዳጅ ሲሰጥና የማኒፎልዱ ቫኪዩም ሲጠፋ ሥርዓቱ ለጥቂት ጊዜ በተጠራቀመው ይሠራል።

ሁለተኛው ክፍል ትእዛዙ ነው። የሞተር መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ዙር፣ የነዳጅ መስጫውን መጠንና አሽከርካሪው የመረጠውን የመንዳት ስልት አይቶ ለሶሌኖይዱ ኤሌክትሪክ ይልካል ወይም ያቋርጣል። ሶሌኖይዱ ሦስት አፍ አለው፤ አንዱ ከምንጩ፣ አንዱ ከአንቀሳቃሹ፣ አንዱ ከውጭው አየር ጋር ይገናኛል። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ምንጩን ከአንቀሳቃሹ ጋር ያገናኛል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ምንጩን ዘግቶ በአንቀሳቃሹ ውስጥ የቆየውን ቫኪዩም በውጭ አየር ይሞላዋል።

ሦስተኛው ክፍል አንቀሳቃሹ ነው። በክብ ቆርቆሮ ውስጥ ዲያፍራም የሚባል ስስ የጎማ ሽፋንና አንድ ሞላ አሉት። በሽፋኑ አንድ ወገን ቫኪዩም ሲኖር በሌላው ወገን ያለው የከባቢ አየር ግፊት ሽፋኑን ይገፋዋል፤ ሽፋኑም ዘንጉን ይስበዋል። አራተኛው ክፍል ክዳኑና ክዳኑ የሚዞርበት ዘንግ ናቸው። እነዚህ በጋለ ጭስ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው።

ቫኪዩም ሲጠፋ ክዳኑ ወደየት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ለምርመራው ወሳኝ ነው። ከ2006 ሞዴል ጀምሮ የቀረበው ባለ 7 ሊትር ሞተሩ ሸቭሮሌ ኮርቬት ዜድ 06 ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በዚህ መኪና ቫኪዩም ክዳኑን ይዘጋል፤ ሞላ ይከፍተዋል። በመሆኑም ቱቦ ቢቀደድ፣ ፊውዝ ቢቃጠል ወይም ሽቦ ቢበጠስ መኪናው ድምፁ ከፍ ይላል እንጂ አይታፈንም። ፌራሪ 360 ሞዴናም በዚሁ ሥርዓት ይሠራል። የንድፉ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሥርዓቱ ሲበላሽ ሞተሩ በኋላ ግፊት ከሚጨነቅ ይልቅ ሰሚው በድምፅ ቢቸገር ይሻላል። ሆኖም ሁሉም አምራች ይህንኑ ስለማይከተል፣ መርማሪው ከሁሉ አስቀድሞ የያዘው መኪና ቫኪዩም ሲያጣ ምን እንደሚሆን ከአምራቹ የጥገና መመሪያ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ ቫኪዩም የሚዘጋውን ሥርዓት ይከተላል።

3. ብልሽቱ ከየት ይመጣል

በዚህ ሥርዓት ላይ ሦስት ጠላቶች ይዘምታሉ፤ ሙቀት፣ ውሃና ሥራ መፍታት። ሙቀቱ ከጭስ ማውጫው አጠገብ የሚያልፈውን የጎማ ቱቦ ያደርቀዋል፤ የደረቀ ቱቦ መጀመሪያ በመጋጠሚያው ጫፍ ላይ ይሰነጠቃል። የዲያፍራሙ ጎማም በተመሳሳይ መንገድ ያረጃል።

ውሃው ከነዳጁ ራሱ ይመጣል። ቤንዚን ሲቃጠል በውስጡ ያለው ሃይድሮጅን ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ውሃ ይሆናል፤ አንድ ሊትር ቤንዚን በግምት አንድ ሊትር ውሃ በእንፋሎት መልክ ያስወጣል። መኪናው ረጅም መንገድ ሲሄድ ማርሚታው ስለሚግል እንፋሎቱ ሳይቆይ ይወጣል። አጭር መንገድ ተነድቶ የሚቆም ከሆነ ግን እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀራል። ይህ ጤዛ ከጭስ ጥላሸት ጋር ተደባልቆ በዘንጉና ዘንጉን በያዘው ቀለበት መካከል ይጋገራል። የስፖርት መኪና በባሕርዩ ብዙ ቀን ቆሞ ጥቂት ቀን የሚነዳ በመሆኑ ዘንጉ ሳይንቀሳቀስ ይሰነብታል፤ በዚህም የተነሳ ይጣበቃል።

ከነዚህ ሌላ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ብልሽት አለ። ሶሌኖይዱ አየር የሚስብበት አፍ በትንሽ ማጣሪያ የተሸፈነ ነው። ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን ሶሌኖይዱ ኤሌክትሪክ ቢያጣም በአንቀሳቃሹ ውስጥ ያለው ቫኪዩም መውጫ ያጣል፤ ክዳኑም መከፈት ሲገባው ተዘግቶ ይቆያል ወይም እጅግ ዘግይቶ ይከፈታል። ባለቤቱ የሚያቀርበው ቅሬታ «መኪናው ጉልበት አጣ» የሚል ስለሚሆን ምርመራው ወደ ነዳጅና ወደ ካንዴላ ሄዶ ይባክናል።

4. የምርመራው ቅደም ተከተል

4.1 ማነጻጸሪያውን አስቀድሞ መያዝ

ብዙ ሠራተኞች ምርመራውን የሚጀምሩት የስህተት ኮድ በማንበብ ነው። ኮዱ ጠቃሚ ነው፤ ግን ወሰኑ መታወቅ አለበት። በብዙ የቫኪዩም ሥርዓቶች ኮምፒውተሩ የሚከታተለው የሶሌኖይዱን የኤሌክትሪክ መስመር ብቻ ነው። ሽቦው ቢቋረጥ ወይም ቢነካካ ያውቃል። ቱቦው ቢቀደድ፣ ዲያፍራሙ ቢበሳ ወይም ዘንጉ ቢጣበቅ ግን የክዳኑን ቦታ የሚነግረው ሴንሰር ስለሌለ ምንም አያይም። ስለዚህ ኮድ አለመኖሩ የሥርዓቱን ጤንነት አያረጋግጥም።

የተሻለው መነሻ የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰሩ ነው። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ሴንሰሩ የሚያሳየው ቁጥር የአካባቢው የአየር ግፊት ነው። ሞተሩ ተነስቶና ሞቆ በጋራዦች ሚኒሞ በሚባለው ዝቅተኛ ዙር ሲሠራ የሚያሳየው ደግሞ የማኒፎልዱ ፍጹም ግፊት ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሲቀነስ የሚገኘው ልዩነት ምንጩ በዚያ ሰዓት ሊሰጥ የሚችለው ቫኪዩም ነው። ይህ ቁጥር ከማንኛውም ሠንጠረዥ ይልቅ ለዚያ መኪና የታመነ ማነጻጸሪያ ነው። ቫኪዩሙን ከፓምፕ በሚያገኝ መኪና ላይ ማነጻጸሪያው በፓምፑ መውጫ ላይ በቀጥታ በጌጅ ይለካል።

4.2 ሥርዓቱን ከመካከል መክፈል

ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ዕቃን በየተራ ከመፈተሽ ይልቅ ሥርዓቱን ከመካከሉ መክፈል ጊዜ ይቆጥባል። ተስማሚው መካከል ቱቦው ወደ አንቀሳቃሹ የሚገባበት ቦታ ነው። እዚህ ላይ ቱቦው ተነቅሎ በእጅ የሚሠራ የቫኪዩም ፓምፕ ባለ ጌጁ ይገጠማል፤ በ4.1 በተገኘው ቁጥር ልክ ቫኪዩም ይሰጠዋል። ውጤቱ ከአራቱ አንዱ ይሆናል።

ክዳኑ ያለ መንተፋተፍ ከተዘጋና የጌጁ ቁጥር ለአንድ ደቂቃ ያህል ካልወረደ፣ ከአንቀሳቃሹ እስከ ክዳኑ ያለው ሁሉ ደህና ነው፤ ብልሽቱ ወደ ምንጩ በኩል ይፈለጋል። ክዳኑ ተዘግቶ ቁጥሩ ቀስ በቀስ ከወረደ ዲያፍራሙ ወይም መጋጠሚያው አየር ያሾልካል። ቁጥሩ ጸንቶ ክዳኑ ካልተንቀሳቀሰ ዲያፍራሙ ደህና ሆኖ ዘንጉ ተጣብቋል። ቁጥሩም ካልጸና ክዳኑም ካልተንቀሳቀሰ በመጀመሪያ ዲያፍራሙ ይጠረጠራል፤ ይሁን እንጂ የአንቀሳቃሹ ዘንግ ከክዳኑ ተለያይቶ ክዳኑ በእጅ መዞሩ ሳይታይ አዲስ አንቀሳቃሽ መግዛት አይገባም። ሁለቱ ብልሽቶች አብረው መገኘታቸው ያልተለመደ አይደለም፤ የተጣበቀ ክዳን ባለበት መኪና አንቀሳቃሹም በዚያው ሙቀት ያረጀ ነውና።

4.3 የግራና የቀኝ ንጽጽር

አብዛኞቹ የስፖርት መኪናዎች በግራና በቀኝ ሁለት ክዳን ስላላቸው አንዱ ለሌላው ማነጻጸሪያ ይሆናል። አንዱ ሠርቶ ሌላው ከቆመ፣ ብልሽቱ ቱቦው ለሁለት ከተከፈለበት ቦታ በኋላ ነው። ሁለቱም ከቆሙ መርማሪው ወደ ጋራው መስመር፣ ማለትም ወደ ፊውዙ፣ ወደ ሶሌኖይዱና ወደ ምንጩ ያስባል።

ይህ አስተሳሰብ ግን አንድ ወጥመድ አለው። ሁለቱ አንቀሳቃሾች ከአንድ ሶሌኖይድ የሚመገቡ ከሆነ የአንዱ ዲያፍራም በሰፊው ሲቀደድ የሁለቱንም ቫኪዩም ያባክናል። ያልተበላሸው ክዳንም ከተበላሸው ጋር አብሮ ይቆማል። ስለዚህ የጋራ ምልክት የግድ የጋራ ዕቃን አይከስም። ፈተናው ቀላል ነው፤ ወደ አንዱ ወገን የሚሄደው ቱቦ በመቆንጠጫ ለጊዜው ይዘጋል። ሌላው ወገን ወዲያው ሥራ ከጀመረ በደለኛው የተዘጋው ወገን ነው።

4.4 የኤሌክትሪኩን መስመር በጭነት መለካት

የሶሌኖይድ ጥቅል ሽቦ ተቃውሞ በብዙ መኪኖች ከ20 እስከ 40 ኦም አካባቢ ነው። 30 ኦም ያለውን ሶሌኖይድ በ12 ቮልት ብንወስድ 0.4 አምፔር ያልፍበታል። አሁን በሽቦ መጋጠሚያው ላይ ዝገት ገብቶ 10 ኦም ተጨማሪ ተቃውሞ ፈጠረ እንበል። መጋጠሚያው ተነቅሎ በቴስተር ቢለካ ቴስተሩ ከሞላ ጎደል ምንም ኤሌክትሪክ ስለማይስብ ሙሉውን 12 ቮልት ያሳያል፤ ሠራተኛውም መስመሩ ደህና ነው ብሎ ይደመድማል። ሶሌኖይዱ ተገጥሞ እየሠራ ሲለካ ግን ጥቅሉ የሚያገኘው 9 ቮልት ብቻ መሆኑ ይገለጣል።

ሙቀት ሲጨመርበት ችግሩ ይብሳል። የመዳብ ተቃውሞ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.39 በመቶ ገደማ ስለሚያድግ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ የደረሰ ጥቅል ተቃውሞው ከ30 ወደ 39 ኦም ይጠጋል። ከዝገቱ ጋር ሲደመር የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ወደ 0.24 አምፔር ይወርዳል፤ ይህም ከመጀመሪያው 40 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። ጠዋት የሚሠራና ከሰዓት በኋላ የሚቆም ቫልቭ ብዙ ጊዜ ምሥጢሩ ይኸው ነው። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ብቻ የተደረገ ምርመራ ይህን ብልሽት ፈጽሞ አያገኘውም።

5. ከፍታ በልኬቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ

ቫኪዩም ራሱን የቻለ ኃይል አይደለም። ዲያፍራሙን የሚገፋው በውጭ ያለው የከባቢ አየር ግፊት ነው፤ ይህ ግፊት ደግሞ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል። በባሕር ወለል ላይ መደበኛው ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው። 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በአሜሪካዋ ዴንቨር 83 ኪሎፓስካል፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ደግሞ 76 ኪሎፓስካል አካባቢ ይሆናል።

ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የማኒፎልዱ ፍጹም ግፊት በሁለቱም ስፍራ 35 ኪሎፓስካል ነው ብለን ለምሳሌ እንውሰድ። በባሕር ወለል የሚገኘው ቫኪዩም 66 ሲሆን በአዲስ አበባ 41 ኪሎፓስካል ብቻ ነው። የዲያፍራሙ ስፋት በዲያሜትር 50 ሚሊሜትር ቢሆን፣ የሚፈጠረው ኃይል በመጀመሪያው ስፍራ ወደ 130 ኒውተን፣ በሁለተኛው ወደ 80 ኒውተን ይሆናል። የሞላውን ጉልበትና የዘንጉን ሰበቃ አሸንፎ ክዳኑን ለመዝጋት 75 ኒውተን የሚያስፈልግ ከሆነ፣ በባሕር ወለል ላይ 55 ኒውተን ትርፍ ሲኖር በአዲስ አበባ የሚተርፈው 5 ኒውተን ብቻ ነው። በጅቡቲ ወደብ ሲራገፍ በትክክል የሚሠራ ቫልቭ፣ ደጋውን ከወጣ በኋላ ጥቂት ዝገት ብቻ ሊያቆመው ይችላል።

ከዚህ ሁለት የተግባር ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ በባሕር ወለል የተጻፈ የጥገና መመሪያ ስለ ቫኪዩም የሚሰጠው ቁጥር በደጋ አገር እንደ ወረደ አይሠራም። መመሪያው 60 ኪሎፓስካል ሲል ጌጁ 41 ቢያሳይ ሠራተኛው ሞተሩ አየር ያሾልካል ወይም የቫልቭ ጊዜው ተዛብቷል ብሎ ጤነኛ ሞተር ሊፈታ ይችላል። ሁለተኛው የእጅ ፓምፑን ይመለከታል። ፓምፑ 60 ኪሎፓስካል ቢስብ ክዳኑ ይዘጋና ሠራተኛው ክዳኑን ያጸድቀዋል፤ ሞተሩ የሚሰጠው ግን 41 ብቻ ስለሆነ መንገድ ላይ ክዳኑ አይዘጋም። በ4.2 ፓምፑ ከሞተሩ በተገኘው ቁጥር ልክ ይሳብ የተባለው ለዚህ ነው።

የስፖርት መኪና በኢትዮጵያ ጎዳናዎች ላይ ብርቅ ነው። ነገር ግን ይኸው የቫኪዩም አንቀሳቃሽ በብዙ የናፍጣ መኪናዎች ላይ የቱርቦውን ምላሶች ወይም የጭስ መልሶ ማስገቢያውን ቫልቭ ያንቀሳቅሳል፤ የፍሬን አጋዡም በዚሁ የግፊት ልዩነት ይሠራል። ስለዚህ እዚህ የተሰላው ስሌት በደጋ ለሚሠራ ማንኛውም ጋራዥ ያገለግላል።

6. በኤሌክትሪክ ሞተር የሚንቀሳቀሱ ቫልቮች

የቅርብ ዘመን መኪናዎች ቫኪዩሙን ትተው በእያንዳንዱ ክዳን ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ገጥመዋል። ከ2018 ሞዴል ጀምሮ በፎርድ ሙስታንግ ላይ የቀረበው ሥርዓት የዚህ ዓይነት ነው፤ አሽከርካሪው የድምፁን ስልት ከመምረጡም በላይ ጎረቤት በሚተኛበት ሰዓት ሞተሩ በዝግታ እንዲነሳ በሰዓት መወሰን ይችላል። በእነዚህ ሥርዓቶች ክዳኑ በመካከለኛ ቦታም ሊቆም ስለሚችል ከመዝጋትና ከመክፈት ያለፈ ቁጥጥር ይገኛል።

ለምርመራ ሲታዩ ጥቅምም ጉዳትም አላቸው። ጥቅማቸው፣ አንቀሳቃሹ የክዳኑን ቦታ ለኮምፒውተሩ ስለሚመልስ ተጣብቆ የቀረ ክዳን ኮድ ያስመዘግባል። ጉዳታቸው ኮዱ አንቀሳቃሹን ስለሚጠራ ሠራተኛው አንቀሳቃሹን ብቻ ለውጦ እንዲሄድ መገፋፋቱ ነው። አንቀሳቃሹ «አልደረስኩም» ሲል ሞተሩ ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ የዘንጉ ዝገት ከልክ በላይ ከብዶትም ሊሆን ይችላል። በዝገት ላይ የተገጠመ አዲስ አንቀሳቃሽ ከአሮጌው የበለጠ ጉልበት የለውም፤ ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ኮድ ይመልሳል። እዚህም ፍርዱን የሚሰጠው ንጽጽር ነው፤ አንቀሳቃሹ ከክዳኑ ተለያይቶ ባዶውን እንዲዞር ይታዘዛል፣ ክዳኑም ለብቻው በእጅ ይዞራል። የግራውና የቀኙ አንቀሳቃሽ አንድ ዓይነት ከሆኑ ቦታ ማለዋወጥም ይቻላል፤ ብልሽቱ ከአንቀሳቃሹ ጋር ከዞረ አንቀሳቃሹ፣ በቦታው ከቀረ ክዳኑ ወይም ሽቦው ነው። በብዙ መኪኖች አዲስ አንቀሳቃሽ ከተገጠመ በኋላ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጫፍ እንዲያውቅ በመመርመሪያ ኮምፒውተር ማስተማር ያስፈልጋል።

7. ጥገናና ማረጋገጫ

ከማንኛውም ሥራ በፊት ጭስ ማውጫው መቀዝቀዝ አለበት። መኪናው በክሪክ ብቻ ተይዞ ከሥሩ አይገባም፤ በጽኑ መደገፊያ ላይ መቀመጥ አለበት። ሞተሩ እየሠራ የሚደረግ ልኬትም ካርቦን ሞኖክሳይድ በሚጠራቀምበት ዝግ ቤት ውስጥ አይካሄድም።

የተሰነጠቀ ቱቦ በፕላስተር አይጠቀለልም፤ ሙቀት በሚችልና የውስጥ ስፋቱ እኩል በሆነ ቱቦ ይለወጣል፣ ከጋለው ብረት ርቆም ይታሰራል። ቫኪዩም የማይደፋው ውፍረት እንዲኖረውም ያሻል። የተደፈነ የሶሌኖይድ ማጣሪያ ሊጸዳ ይችላል፤ ጥቅሉ የተቃጠለ ሶሌኖይድ ግን ይለወጣል። የተጣበቀ ዘንግ በቀዝቃዛነቱ ዝገት በሚፈታ ዘይት ተነክሮ በትዕግሥት ወዲያና ወዲህ ይዞራል። መዶሻ ዘንጉን ስለሚያጎብጠው አይመከርም። ዘንጉ ከተፈታ በኋላ ተራ ዘይት መቀባት ስሕተት ነው፤ ዘይቱ በጭሱ ሙቀት ተቃጥሎ ከቀድሞው የጠነከረ ጥላሸት ይሆናል። ለከፍተኛ ሙቀት የተሠራ ግራፋይት ወይም ኒኬል ያለበት ማለስለሻ ይመረጣል። የዘንጉ ቀለበት ተበልቶ ክዳኑ የሚንኳኳ ከሆነ ማለስለሻ አይረዳውም፤ ክዳኑን ከነቤቱ መለወጥ ያስፈልጋል። አንቀሳቃሹ ሲለወጥ ደግሞ የዘንጉ ርዝመት ክዳኑ በትክክል እስኪቀመጥ ድረስ መስተካከል አለበት፤ ያጠረ ወይም የረዘመ ዘንግ አዲሱን ዕቃ እንደ አሮጌው ያስመስለዋል።

በአንዳንድ ባለቤቶች ዘንድ ፊውዙን አውጥቶ ክዳኑን ለዘለቄታው ክፍት መተው የተለመደ ነው። ፊውዝ ማውጣት እንደ ፈተና ጠቃሚ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ክዳኑ ካልተከፈተ ብልሽቱ በዘንጉ፣ በሞላው ወይም በሶሌኖይዱ የአየር አፍ ላይ መሆኑን ያለ ወጪ ያሳያል። እንደ ጥገና ግን ተቀባይነት የለውም። መኪናውን ከተፈቀደለት የድምፅ መጠን ሊያወጣው ይችላል፤ ሳይንቀሳቀስ የሚኖረው ዘንግም ይጣበቃል። ቱቦውን ነቅሎ ጫፉን ሳይደፍኑ መተው ደግሞ ይብሳል፤ ምንጩ ማኒፎልዱ ከሆነ ያልተለካ አየር ወደ ሞተሩ ገብቶ የነዳጁን ድብልቅ ያሳሳዋል።

ጥገናው የሚያበቃው ኮዱ ሲጠፋ አይደለም። ብልሽቱን ያሳየው ያ ልኬት ራሱ፣ በዚያው መሣሪያና በዚያው ሁኔታ ተደግሞ ሲለወጥ ነው። ብልሽቱ የታየው ሞተሩ ሲግል ከሆነ ማረጋገጫውም ሞተሩ ሲግል ይደረጋል።

8. ማጠቃለያ

የጭስ ማውጫ ቫልቭ መቆጣጠሪያ በውስጡ ኤሌክትሪክን፣ የአየር ግፊትንና መካኒካዊ እንቅስቃሴን በአንድ መስመር ያገናኘ ትንሽ ሥርዓት ነው። ብልሽቱ ከሦስቱ በአንዱ ሲከሰት ምልክቱ ብዙ ጊዜ በሌላው ላይ ይታያል። ከዚህ የተነሳ ርካሽ ቱቦ ተሰንጥቆ ውድ ማርሚታ ይለወጣል። ይህን ለመከላከል ውስብስብ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የማኒፎልዱን ግፊት ከአካባቢው አየር፣ ግራውን ከቀኙ፣ ቀዝቃዛውን ከጋለው፣ ያለ ጭነት የተለካውን በጭነት ከተለካው ጋር ማስተያየት ይበቃል።

ለቀጣይ ጥናት ሁለት አቅጣጫዎች ይታያሉ። አንዱ ለደጋ አካባቢ ተስማሚ የሆነ የቫኪዩም ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ በተለያዩ ከፍታዎች በሚደረግ ልኬት ማዘጋጀት ነው። ሌላው የቦታ ሴንሰር በሌላቸው ሥርዓቶች የክዳኑን መከፈትና መዘጋት ከጭስ ማውጫው ድምፅ ለይቶ ማወቅ ነው። ሁለቱም በአንድ የዩኒቨርሲቲ ወርክሾፕ አቅም ሊሠሩ የሚችሉ ሲሆኑ፣ ውጤታቸው ከስፖርት መኪና አልፎ በየጋራዡ ለሚቆሙ የናፍጣ መኪናዎችም ይተርፋል።